የአንባቢያን ጥያቄ፦ ስለ ሰምርኔሱ ቅዱስ ፖሊካርፖስ

ጥያቄ፦ በስንክሳር ቅዱስ ፖሊካርፖስ የካቲት 29 ይታሰባል። ምዕራባውያን ግን ፌብሩዋሪ 23 ይላሉ። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ መነሻቸው አንድ ቀን ነው። የሰምርኔስ ቤተ ክርስቲያን (ከተማዋ የዛሬዋ ኢዝሚር ናት) ስለ ጳጳሷ ሰማዕትነት በፍርግያ ላለችው ለፊሎሜልዮም ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ጽፋለች። በመጨረሻው ላይ ቀኑ “ከማርች መባቻ በፊት ሰባተኛው” ተብሎ ተቀምጧል። ሮማውያን ወደ ኋላ ሲቆጥሩ መባቻውንም ስለሚጨምሩ ፌብሩዋሪ 23 ይሆናል። ይህ ቀን በዩልዮስ (በጥንቱ የሮማውያን) አቆጣጠር ከየካቲት 29 ጋር ይገጥማል። ምዕራባውያን ቁጥሩን በ1582 በተሻሻለው አቆጣጠር ላይ አኖሩት፤ የእኛው የካቲት 29 ዛሬ በእነርሱ ማርች 8 ላይ ይውላል። የ13 ቀኑ ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው።

የሚያከራክረው ዓመቱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ነገሩን በሮማው ንጉሠ ነገሥት በማርቆስ አውሬልዮስ ዘመን፣ ማለትም ከ161 በኋላ ያደርገዋል። ደብዳቤው ግን የእስያውን (ሰምርኔስ የነበረችበትን የሮም አውራጃ) አገረ ገዥ ስታትዮስ ኳድራጦስ ይለዋል። ይህ ሰው በ142 በሮም ቆንስል (በየዓመቱ የሚሾም ከፍተኛ ባለሥልጣን) ነበር፤ በዚያ ዘመን ቆንስል የነበረ ሰው የእስያን አገረ ገዥነት የሚያገኘው ከ13 እስከ 15 ዓመት ቆይቶ ነው። ደብዳቤው ቀኑ “ታላቅ ሰንበት” እንደነበረ ይናገራል፤ በ155 ደግሞ ፌብሩዋሪ 23 ቅዳሜ ውሏል። እኛም ወደ 155 እናደላለን። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ 155ቱ 147 ይሆናል። ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ገጽ ላይ ሳይለዩ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ ሸሽቶ ተደብቆ ነበር ይባላል። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን እንዴት ላስረዳ?

መልስ፦ አይደብቁባቸው። እርሱ ከተማው ውስጥ መቆየት ፈልጎ ነበር፤ ወዳጆቹ ለምነውት ነው ወደ አንድ እርሻ የወጣው። ፈላጊዎቹ ሲቀርቡ ወደ ሌላ እርሻ ተዛወረ። ሁለት ወጣት አገልጋዮች ተይዘው አንደኛው ሥቃይ ሲበዛበት መራቸው። ዓርብ በራት ሰዓት ሲደርሱ አሁንም ማምለጥ ይችል ነበር፤ “የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን” ብሎ ከፎቁ ወረደ። ለያዙት ሰዎች ማዕድ አስቀረበላቸው፤ ለጸሎት አንድ ሰዓት ለመነ፤ ቆሞም ሁለት ሰዓት ጸለየ።

ይህን ሲተርኩ የቊንጦስን ነገር አይዝለሉ። ይህ የፍርግያ ሰው ሌሎችንም አነሣሥቶ ሳይፈለግ ራሱን አቀረበ፤ አራዊቱን ባየ ጊዜ ግን ፈርቶ በቄሣር ስም ማለ፣ ለጣዖትም ሠዋ። ደብዳቤው ወዲያው “ራሳቸውን አሳልፈው የሚሰጡትን አናመሰግንም፤ ወንጌል እንዲህ አያስተምርምና” ይላል። ማቴዎስ 10፥23ን አብረው ያንብቡላቸው። ቊንጦስ ከተዘለለ የጳጳሱ ሽሽት ለልጆች ፍርሃት ብቻ ይመስላቸዋል።

ጥያቄ፦ በ86 ዓመቱ ነው የሞተው?

መልስ፦ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቅር። አገረ ገዥው ክርስቶስን እንዲሰድብ ሲያዘው የመለሰው “86 ዓመት አገለገልሁት፤ አንዳችም አልበደለኝም፤ ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ?” የሚል ነው። ከልደቱ ከተቆጠረ በ69 ገደማ ተወልዷል ማለት ነው። ከጥምቀቱ ከተቆጠረና በሕፃንነቱ ካልተጠመቀ ግን ዕድሜው ከዚያ ይበልጣል። “86 ዓመት ያገለገለ” ቢሉ አይሳሳቱም።

ጥያቄ፦ “ከሓድያን ይጥፉ” ብሏል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ብሏል፤ ግን ገልብጦ ነው ያለው። የከተማውን አማልክት ስለማያመልኩ “ከሓድያን” ይባሉ የነበሩት ክርስቲያኖቹ ነበሩ። ገዥው ይህን በል ሲለው ፖሊካርፖስ በስታዲየሙ ወደ ተሰበሰበው ሕዝብ ዞሮ ተመለከተ፣ እጁን ወደ እነርሱ ዘርግቶ፣ ቃትቶ፣ ወደ ሰማይ አሻቅቦ “ከሓድያን ይጥፉ” አለ። ሲተርኩት እጁን መዘርጋቱን ካልጠቀሱ የታዘዘውን የፈጸመ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ሥዕሉን ልሥል ነው። በእሳት ነው ወይስ በስለት የሞተው? ምን ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ በስለት ነው። ሕዝቡ አንበሳ ይለቀቅበት ብሎ ጮኾ ነበር፤ የአራዊቱ ትርኢት ስላበቃ ፊልጶስ የተባለው ሹም አልፈቀደም። ስለዚህ ከየሱቁና ከየመታጠቢያ ቤቱ እንጨት ለቅመው ከመሩት። እሳቱ ነፋስ እንደ ነፋው የመርከብ ሸራ ዙሪያውን ከበበው እንጂ አልበላውም፤ ያን ጊዜ አንዱ በጩቤ እንዲወጋው ታዘዘ። ሥጋው የተቃጠለው ከሞተ በኋላ ነው። አጥንቱን ምእመናን ሰብስበው አኖሩት፤ በየዓመቱም የሰማዕትነቱን ቀን “ልደት” ብለው ሊያከብሩ ወሰኑ። ይህ ዓመታዊ የሰማዕታት በዓል ከተጻፈባቸው ቀደምት ምስክሮች አንዱ ነው።

ሲሥሉ ምስማር አይጨምሩ። ሊቸነክሩት ሲሉ “እሳቱን እንድታገሥ የሚሰጠኝ ያለ ምስማርም እንዳልነቃነቅ ይሰጠኛል” ስላለ አስረውታል እንጂ አልቸነከሩትም። እጆቹ ወደ ኋላ የታሰሩ ይሁኑ። ከቁስሉ ርግብ ስትወጣ መሣል የፈለጉ እንደሆነ፣ ርግቧ በደብዳቤው የግሪክ ቅጂዎች እንጂ አውሳብዮስ በጠቀሰው ቃል ውስጥ የለችም፤ እኛ ብንሆን እንተዋታለን። ካባውን ያወለቀ፣ መታጠቂያውን የፈታ ሽማግሌ ያድርጉት። ጫማውንም ለማውለቅ ሞክሯል፤ ይህን ግን አልለመደውም ነበር፤ ከዚያ በፊት ምእመናኑ ተሽቀዳድመው ያወልቁለት ነበርና።