ሉሲን ማን ጻፋት?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ፣ እንዴት ነህ። እኔ ኮሜዲ መጻፍ በጣም ነው የምወደው፣ አጫጭር ስክሪፕቶች ጽፌ አስቀምጫለሁ፣ ችግሩ ሰው መሀል ስቀመጥ ዝምተኛ ነኝ፣ ቀልድ ላወራ ብዬ እንኳን መጨረሻው ላይ ይጠፋብኛል፣ እና ቤተሰቦቼ "አንቺ ራስሽ ሳታስቂ እንዴት ኮሜዲ ትጽፊያለሽ" ይሉኛል። ሰሞኑን ያንን የድሮውን የአሜሪካ የቲቪ ኮሜዲ አይ ላቭ ሉሲን ማየት ጀምሬ ነበር፣ ከጸሐፊዎቹ አንዷ ሴት ናት ሲባል ሰማሁና ገረመኝ። ማን ናት? እንዴት ገባችበት? እንደኔ አይነት ሰውስ ይሄን ስራ ይችለዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለዚች ሴትዮ ለመጻፍ ሰበብ ስፈልግ ነበር፣ አመጣሽልኝ። ስሟ ማደሊን ፒው ነው፣ በኋላ ማደሊን ዴቪስም ተብላለች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። በ1921 ኢንዲያናፖሊስ ተወለደች፣ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችውም ጋዜጠኝነት ነው እንጂ ትወና ምናምን አይደለም። ስትመረቅ 1942 ነው፣ ጦርነት ላይ ናቸው፣ ወንዶቹ ስለዘመቱ ሬዲዮ ጣቢያዎቹ ሰው ጠፍቷቸዋል፣ እሷም በዛ ክፍተት ነው የገባችው። ከተማዋ ያለ አንድ ጣቢያ ስትጽፍ ቆይታ ቤተሰቧ ካሊፎርኒያ ሲገባ እሷም ሎስ አንጀለስ ሄደች፣ ሲቢኤስ ሬዲዮ እየሰራች ቦብ ካሮል ጁኒየር ከሚባል ጸሐፊ ጋር ተገናኙ፣ ከዛ በኋላ ሁለቱ ከ50 ዓመት በላይ አብረው ሰሩ።

አሁን የምነግርሽን ግን በደንብ ስሚኝ። በ1948 ሉሲል ቦል፣ ኋላ ሉሲን ሆና የተወነችው ተዋናይ፣ አዲስ የሬዲዮ ኮሜዲ ስትጀምር እነ ማደሊን ለዛ ሾው ስክሪፕት ማስገባት ፈለጉ፣ ጊዜ ግን የላቸውም፣ የኮሜዲያኑን የስቲቭ አለንን የሬዲዮ ፕሮግራም የሚጽፉት እነሱ ናቸው። ምን ቢያረጉ ጥሩ ነው? ለራሱ ለስቲቭ አለን ከኪሳቸው ከፈሉትና የዛን ሳምንት ፕሮግራሙን ራሱ እንዲጽፍ አደረጉ፣ እነሱ ቁጭ ብለው የሉሲልን ስክሪፕት ጻፉ። ደሞዝ የምትቀበይበትን ስራ ገንዘብ ከፍለሽ ለሌላ ሰው ስትሰጪ አስቢው! ገና ምንም ያልተባሉ ልጆች ናቸው እኮ። ስለ ቲቪ ጸሐፊዎች ካነበብኩት ሁሉ እንደዚች ታሪክ ልቤን የነካው የለም።

ከዛ ሲቢኤስ ሾውን ወደ ቴሌቪዥን እንውሰደው ሲል ሉሲል ባሌ ሆኖ የሚተውነው የራሴ ባል ዴዚ አርናዝ ካልሆነ አልሰራም አለች፣ ኃላፊዎቹ ደሞ ኩባዊ ነው፣ አሜሪካዊ ተመልካች የሷ ባል ነው ብሎ አይቀበለውም አሉ። ባልና ሚስቱ በ1950 ከተማ ለከተማ እየዞሩ መድረክ ላይ አብረው ሰሩ፣ የሰሩትን የጻፉላቸውም ማደሊንና ቦብ ናቸው፣ ሕዝቡ ወደዳቸው፣ ክርክሩ በዛው አለቀ። አይ ላቭ ሉሲ ኦክቶበር 15 ቀን 1951 መታየት ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ሲዝኖች የጻፉት ሶስት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ማደሊን፣ ቦብና ፕሮዲዩሰሩ ጄስ ኦፐንሃይመር። አንደኛው ሲዝን ብቻ 35 ክፍል ነው፣ አሁን እኮ ስምንት ክፍል ለመጻፍ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ይሰበሰባል። ሶስቱ ተቀምጠው ታሪኩን ያወጡታል፣ ማደሊንና ቦብ ሄደው ይጽፉታል፣ ከዛ ኦፐንሃይመር ድምፅ መቅጃ ላይ እየተናገረ መልሶ ያቃናዋል፣ ሲያልቅ ወዲያው የሚቀጥለው ይጀመራል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ሰው መሀል ቀልድ ማውራትና ኮሜዲ መጻፍ በጣም የተለያዩ ስራዎች ናቸው፣ ቤተሰቦችሽ ይሄን ቢያውቁልሽ ደስ ይለኛል። ማደሊን ለሉሲል የምትጽፈውን ነገር አስቀድማ በራሷ ሰውነት ትሞክረው ነበር፣ ይሄን አንድ ሴት ልታረገው ትችላለች ወይ፣ ሰውስ ይጎዳል ወይ ብላ። አንዴ ሉሲን ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ላይ እናውጣት ብለው ማደሊን ስትሞክረው ሄዳ ከግድግዳ ጋር ተላተመች፣ አደገኛ ነው ተባለና ቀረ። የሉሲ እንቅስቃሴ ስክሪፕቱ ላይ አንድ በአንድ በካፒታል ፊደል ተዘርዝሮ ነበር የሚጻፈው፣ እርስ በርሳቸው "ጥቁሩ ነገር" ይሉት ነበር። ተዋናይዋ ድንገት የፈጠረችው የሚመስልሽ ብዙው ነገር ወረቀት ላይ ያለ ነው።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1952 የታየውን የቸኮሌት ፋብሪካውን ክፍል ፈልጊና እዪው። ሉሲና ጎረቤቷ ኤቴል በማሽን እየተንሸራተተ የሚመጣ ቸኮሌት ይጠቀልላሉ፣ መጀመሪያ ቀስ እያለ ነው፣ ይደርሱበታል፣ ከዛ ይፈጥናል፣ ያመለጣቸውን አፋቸው ውስጥ፣ ኮፍያቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ውስጥ ይከታሉ። ተቆጣጣሪዋ መጥታ ስታይ ሁሉም ንጹህ ነው፣ ጎበዞች መስለዋት ጭራሽ ፍጥነቱን ታስጨምርባቸዋለች። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው የተነፋውን ጉንጫቸውን ነው፣ እኔ ግን ከዛ በፊት ያለችውን አንዲት ንግግር እንድታዪልኝ ነው የምፈልገው፣ ተቆጣጣሪዋ ገና ሲጀምሩ አንድ ቸኮሌት ሳይጠቀለል ካለፈ ትባረራላችሁ ትላቸዋለች። ያቺን ንግግር አውጪያት፣ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ያለ ምክንያት ቸኮሌት አፋቸው ውስጥ ሲጎስሩ ታያለሽ፣ ምንም አያስቅም። ፈርተው ነው እንጂ ለማሳቅ አይደለማ የሚጎስሩት!

እና ያስቀመጥሻቸውን ስክሪፕቶች አውጪና ገጸ ባህሪሽ ያንን እብደት እንድታረግ ያስገደዳት ነገር የቱ ጋ እንደተጻፈ ፈልጊ። ካጣሽው ቀልድ አትጨምሪ፣ እሱን ጻፊ። እንቅስቃሴ ካለው ደሞ ተነስተሽ ሞክሪው፣ ብስክሌት ሲቀር።

ጥያቄ፦ እዛው ሾው ላይ ሉሲ ስትወልድ እውነት እርጉዝ ነበረች ወይስ ትራስ ነው? ከባለቤቴ ጋር ተከራክረን ነው።

መልስ፦ እውነት እርጉዝ ነበረች። ለጸሐፊዎቹ ግን ፈተና ነበር፣ በዛ ጊዜ እርጉዝ የሚለው ቃል በቲቪ አይባልም ስለተባሉ ለስለስ ያለ ሌላ ቃል ነው የተጠቀሙት፣ ስክሪፕቶቹንም አንድ ቄስ፣ አንድ ፓስተርና አንድ ራቢ እያነበቡ አሳልፈዋቸዋል። ይሄ ሁሉ እያለ የጻፉት ሲን እስከዛሬ ያስቃል፣ ባልየውና ጎረቤቶቹ ምጡ ሲመጣ ማን ዶክተር እንደሚደውል ማን ሻንጣ እንደሚይዝ ረጋ ብለው ይለማመዳሉ፣ የእውነቱ ሲመጣ ሁሉም ተደነጋግሮ ይተራመሳል። ክፍሉ ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 ታየ፣ ወደ 44 ሚሊዮን ሰው አየው፣ ሉሲል ቦልም በዛው ቀን በእውነት ወለደች። ስክሪፕቱ ላይ ወንድ ተብሎ ቀድሞ ተጽፎ ነበር፣ የተወለደውም ወንድ ሆነ።

ጥያቄ፦ (ከመጀመሪያዋ ጠያቂ) ማደሊን ከዛ በኋላስ መጻፍ ቀጠለች?

መልስ፦ አዎ። በ1964 አግብታ ወደ ኢንዲያና ብትመለስም ስራው አልለቀቃትም፣ ከቦብ ጋር አሊስ የሚባለውን ሲትኮም (ተከታታይ የቲቪ ኮሜዲ) ፕሮዲዩስ አድርገዋል፣ ትዝታዋንም በ2005 ከሱ ጋር አሳትማለች። ቦብ በ2007 አረፈ፣ እሷ በ2011፣ 90 ዓመት ሞልቷት። ሉሲል ቦል በ1986 ለመጨረሻ ጊዜ ሲትኮም ልስራ ብላ ስትነሳ የጠራችው እነሱን ነው፣ ሾው ብዙ ሳይቆይ ቢቋረጥም፣ ያቺን የአንድ ሳምንት ስክሪፕት ከጻፉላት 38 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።