ኢንተር ከመጫንሽ በፊት

ደብዳቤው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የሦስተኛ ዓመት የአይቲ ተማሪ ነኝ። ኢንተርንሺፕ የወጣሁበት ቢሮ ሥራው ሁሉ በሊኑክስ ተርሚናል ነው። ግቢ ተምረነዋል፤ ግን ለፈተና ያህል ነው። ኃላፊዬ ሰርቨር ላይ ገብተሽ ይህን ሥሪ ሲለኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። የሆነ ነገር ባጠፋስ? ትቼው ግራፊክ ዲዛይን ልማር ወይ እያልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ዲዛይን ከልብሽ ከወደድሽ ተማሪው። ተርሚናሉን፣ ማሽኑን በጽሑፍ የምታዢበትን ያንን ጥቁር ስክሪን፣ ሸሽተሽ ከሆነ ግን ትንሽ ቆዪ። የእጅሽ መንቀጥቀጥ አያሳፍርም። እኔን የሚያሰጋኝ እጁ የማይንቀጠቀጠው ነው። በመጀመሪያ ሥራዬ ላይ እሱ እኔ ነበርኩ።

ዲስክ ሞላና የቆዩ የሎግ ፋይሎችን፣ ማሽኑ የሠራውን የሚመዘግብባቸውን፣ እንዳጠፋ ታዘዝኩ። የማጥፊያው ኮማንድ አርኤም ነው። ቀጥሎ የኮከብ ምልክት፣ ከኮከቡ ጋር ተጣብቆ ነጥብ ሎግ። ስማቸው በነጥብ ሎግ የሚያልቀውን ሁሉ አጥፋ ማለት ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ቸኮልኩ። በኮከቡና በነጥቡ መሃል አንዲት ክፍት ቦታ ገባች። በቃ። ትእዛዙ ተለወጠ፦ እዚህ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ አጥፋ፤ ነጥብ ሎግ የሚባል ፋይል ካለም እሱንም ጨምር። ሁሉን ጠራርጎ ሲያበቃ «ነጥብ ሎግ የሚባል ፋይል የለም» አለኝ። የነቃሁት ያኔ ነው። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ልፈልግ አልኩ፤ አርኤም ያጠፋው እዚያ አይሄድም። የአንዲት ባልደረባዬ የሦስት ሳምንት ሥራ የተረፈው ኮፒውን በፍላሽ ስለያዘች ብቻ ነው። ምሳውም ቀረ።

ይህቺ ክፍት ቦታ ሌሎችንም ጉድ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ባምብልቢ የሚባል የሊኑክስ ሶፍትዌር ሲጫን አንድ የቆየ ፎልደር የሚያጠፋ መስመር ነበረው። ዩኤስአር ከሚለው ስም በኋላ ክፍት ቦታ ገብታ ኖሮ፣ የጫኑት ሰዎች ዩኤስአር ፎልደር ከነሙሉው ተጠረገባቸው። አብዛኛው የሲስተሙ ፕሮግራም የሚቀመጠው እኮ እዚያ ነው።

ስለዚህ አርኤም ከመጻፍሽ በፊት በቦታው ኤልኤስ ጽፈሽ ያንኑ መስመር ሞክሪው። ኤልኤስ ስም ይዘረዝራል እንጂ ምንም አይነካም። የዘረዘረው ልታጠፊ ያሰብሽውን ብቻ ከሆነ፣ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ተጫኝና መስመሩን መልሰሽ ኤልኤስን በአርኤም ቀይሪው። እኔ ያን ቀን ይህን ባደርግ ኖሮ የፋይሉ ሁሉ ስም ፊቴ ላይ ይደረደር ነበር። አርኤም ላይ ሰረዝ አይ ብትጨምሪ ደግሞ በእያንዳንዱ ፋይል «ላጥፋ?» እያለ ይጠይቅሻል። ይሰለቻል። ይሰልችሽ።

የት እንዳለሽ አለማወቅ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ፣ የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠው ድርጅት፣ የደረሰበትን ስሚ። አንድ ኢንጂነር ሌሊት ላይ የዳታቤዝ ችግር ሲያስተካክል፣ ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ዋናው ላይ ያለውን ዳታ ማጥፋት ጀመረ። በሴኮንዶች ውስጥ ነቅቶ አቆመው፤ ግን ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ባክአፕ አለን ብለው ሲሄዱ አብዛኛው ሲሠራ አልነበረም። ያዳናቸው አደጋው ከመድረሱ 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በአጋጣሚ የተወሰደ ኮፒ ነው። ሰውየው ኮማንዱን በትክክል ነበር የጻፈው። የተሳሳተው ቤቱን ነው።

ተርሚናሉ ግን የት እንዳለሽ ይነግርሻል። ከምትጽፊበት መስመር በስተግራ ያለውን አንብቢ፦ ብዙ ጊዜ የገባሽበት ስም፣ የማሽኑ ስም፣ ከዚያ ፎልደሩ ይታያል። ፎልደሩ ካጠራጠረሽ ፒደብሊውዲ ብለሽ ጠይቂው። በመስመሩ ጫፍ የዶላር ምልክት ካለ ተራ ተጠቃሚ ነሽ። ምልክቱ ወደ መሰላል ከተለወጠ፣ ያቺ ስልክ ላይ ከዜሮ ጎን ያለችው፣ የማሽኑ ሙሉ ሥልጣን በእጅሽ ነው። ያኔ ሁለቴ አንብቢ።

ሱዶ የሚለው ቃልም ከኮማንድ ፊት ሲጻፍ ያንኑ ሥልጣን ለዚያ አንድ ኮማንድ ያውስሻል። አንድ ኮማንድ እምቢ ሲልሽ ወዲያው ሱዶ መለጠፍ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። መጀመሪያ ለምን እንደከለከለሽ አንብቢ። (ፓስወርድ ስትጽፊ ብዙ ጊዜ ምንም ፊደል አይታይም፤ ኪቦርዱ አልተበላሸም። ስንቱ እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል።)

ከቴሌግራም ወይም ከኤአይ ያገኘሽውን መስመርም ቀጥታ ተርሚናሉ ላይ አትለጥፊ። ኖትፓድ ላይ አውርደሽ ቃል በቃል ተረጂው። ላልገባሽ ኮማንድ፣ «ማን» የሚባለውን የመመሪያ ኮማንድ ከስሙ በፊት ጻፊ፤ መመሪያው ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ላይ ስላለ ዳታ አያስጨርስሽም።

መለማመጃውን ደግሞ ራስሽ ላፕቶፕ ላይ አዘጋጂ። ቨርቹዋልቦክስ፣ ላፕቶፕሽ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥርልሽ ፕሮግራም፣ ነጻ ነው። ውስጡ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫኝ፣ ስናፕሾት (ማሽኑ በዚያ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ) ያዢ፣ ከዚያ ሆን ብለሽ አበላሺው። እኔ እንደተሳሳትኩት ያቺን ክፍት ቦታ አስገቢና የሚሆነውን በዓይንሽ እዪ። ስናፕሾቱን ስትመልሺው ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ፍርሃቱ በምክር አይለቅም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አፍርሰሽ ስትመልሺ ይለቃል።

ስለ ሥራው ካነሳሽ፣ ጀማሪ ስቀጥር ፍጥነት አልፈልግም። የምጠይቀው «ተሳስተሽ ብታውቂ ወዲያው ምን አደረግሽ?» ብዬ ነው። «ኮማንዱን ለማስቆም ኮንትሮል ሲ ተጫንኩ፣ እጄን አነሳሁ፣ ለኃላፊዬ ተናገርኩ» የምትለኝን ልጅ እወስዳለሁ። ለማስተካከል ብላ በላዩ ላይ ሌላ ኮማንድ የደረበችው ግን ታስፈራኛለች።

ነገ ቢሮ ስትገቢ ኃላፊሽን ሁለት ነገር ጠይቂው። መለማመጃ የሚሆን ሰርቨር አለ ወይ? ባክአፑስ በትክክል እንደሚመለስ መጨረሻ የተሞከረው መቼ ነው? ሁለተኛውን ለስለስ አድርገሽ ጠይቂ፤ ፊቱ ሊለወጥ ይችላል።