የአዘጋጁን ስራ ብቻሽን ለመቅረፅ፦ አንዱን አበላሽቼ አንዱን ካሳካሁ በኋላ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው በስልክ መመለስ ጀምሬ ስለረዘመብኝ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ ምፅፍልሽ። ባጭሩ ያልሽው በራሱ ገንዘብ ፊልም ሚሰራ አዘጋጅ (ዳይሬክተር) "ከካሜራ ጀርባ ያለውን ነገር ዶክመንተሪ አድርጊልኝ" ብሎሻል፣ ያለሽ አንድ ካሜራ ነው፣ ረዳት የለሽም፣ ቀረፃው 18 ቀን ነው፣ እና ከምን ልጀምር ነው። እኔ እንደዚ አይነት ስራ ሁለቴ ሰርቻለሁ፣ የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ ማለት ይቻላል፣ ስለዚ አብዛኛው ምነግርሽ ከሱ ነው።

ሁላችንም መጀመሪያ ላይ ምንሰራው ነገር አለ፣ "አክሽን" ሲባል ካሜራችንን ብድግ እናደርጋለን፣ "ከት" ሲባል እናወርዳለን። መሆን ያለበት ግን ተገላቢጦሹ ነው። አክሽን ከተባለ በኋላ አዘጋጁ ሞኒተር ላይ አፍጥጦ ከመጠበቅ ውጪ ብዙም ሚያደርገው የለም፣ ያንን ሲን (ትዕይንት) ደሞ ዋናው ካሜራ ካንቺ በተሻለ ሌንስና መብራት እየቀረፀው ነው፣ ሲያልቅ ለምነሽ ትወስጂዋለሽ። የሱ ስራ ያለው ከት ከተባለ በኋላ ባለችው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው። ሄዶ አክተሩን ምን አለው፣ ካሜራ ማኑ "ብርሃን እየሄደብን ነው" ሲለው ፊቱ ምን መሰለ፣ ድገሙት ለማለት ሲያቅማማ ማንን አየ... በቃ ፊልምሽ እሱ ነው።

እኔ ይሄን ያወቅኩት ተቃጥዬ ነው። የመጀመሪያው ስራዬ ላይ፣ ሰባተኛው ቀን መሰለኝ፣ ሚቀረፅበት ቤት ባለቤት በድንገት መጥቶ "በሁለት ሰአት ውስጥ ልቀቁልኝ" አለ፣ እኛ ደሞ ገና ሁለት ሲን ይቀረናል። እኔ ሞኝ ልጁ ውጪ ወጥቼ መብራት ሲነቀል እየቀረፅኩ ነበር፣ ጭሱ ምናምን ስለሚያምር። ተመልሼ ስገባ አዘጋጁ የሌንስ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ የስክሪፕቱን ሶስት ገፅ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ሲከት ደረስኩ፣ ቀና ብሎ "እሺ፣ እንሂድ" አለ፣ አለቀ። ለካ ሁለቱን ሲን አንድ አድርጓቸው፣ የእናትየዋን ረጅም ንግግር ሙሉ ለሙሉ አውጥቶ፣ ዝም ብላ ልብስ እያጠፈች እንድታዳምጥ ብቻ ወስኖ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ሰው ሁሉ ሚያነሳው ያንን ሲን ነው! እኔ ጋር ያለው ምንድነው? አራት ደቂቃ የመብራት ስታንድ ሲታጠፍና አንድ "እሺ፣ እንሂድ"። ይባስ ብሎ ማይኩ ደረቱ ላይ ነበር፣ ግን ባትሪ ልቆጥብ ብዬ ከግማሽ ሰአት በፊት አጥፍቼው ነበር። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ስለዚ ገንዘብሽን ካሜራ ላይ አታውጪ፣ ያለሽ ይበቃል። ዋየርለስ ማይክ ግዢ ወይ ተከራዪ፣ ጠዋት ልብሱ ላይ አድርጊለትና ማታ አውጪ፣ ባትሪውን ምሳ ሰአት ላይ ቢያልቅም ባያልቅም ቀይሪ። ድምፁ ካለሽ ጀርባውን ብትቀርፂም ይሰራል፣ ድምፅ ከሌለሽ ግን ፊቱ ቆንጆ ሆኖ ቢወጣም ምንም አያደርግልሽም። ታዲያ ማይክሽን ከማብራትሽ በፊት የፊልሙን ድምፅ ሚቀዳውን ሰውዬ (ሳውንድ ማኑን) በምን ፍሪኩዌንሲ እንደሚሰራ ጠይቂው፣ ያንቺ ከሱ ጋር ከተጋጨ የሰውየውን ቀን አበላሽተሽ ሁለተኛ እዛ አትደርሺም። ካሜራሽንም ከነሱ ጋር እኩል ፍሬም ሬት (በሰከንድ ሚቀረፅ የምስል ብዛት) ላይ አድርጊው፣ እነሱ በ24 እየቀረፁ አንቺ በ25 ከሆንሽ ኤዲት ላይ የነሱን ሾት ካንቺው ጋር ስታቀላቅዪ መከራሽን ነው ምታዪው። ቢፕ ሚለውን ድምፅ አጥፊ፣ ቀይዋን መብራት በፕላስተር ሸፍኚ፣ አክተሩ ሚያይበት አቅጣጫ ላይ በጭራሽ እንዳትቆሚ። ይሄን ሁሉ ሚያስተካክልልሽ ረዳት አዘጋጁ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን እሱን ካልያዝሽው ካንድ ጥግ ወዳንድ ጥግ ሲገፋሽ ይውላል።

ማይክ ስላልኩ ግን አንድ ከባድ ነገር አለ። ሰውየው ከሰአት በኋላ ማይክ እንዳለበት ይረሳል። ሁለተኛው ስራዬ ላይ አዘጋጁ ጓሮ ሄዶ ለወንድሙ ደውሎ ብር አበድረኝ ሲለው፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔ ሄድፎን አድርጌ ሁሉንም ሰማሁ። ለዶክመንተሪ ወርቅ ነው። ማታ ግን ነገርኩት፣ አሰማሁት፣ መጀመሪያ አጥፋው አለኝ፣ ከወር በኋላ ራሱ ደውሎ "አለህ እንዴ? ከሌለህማ እንዴት እንደተሰራ ማን ያምነናል" አለኝ። እኔ አላጠፋሁትም ነበር፣ አውቃለሁ ልክ አይደለም፣ ብቻ ሳይፈቅድ እንደማላወጣው ለራሴ ነግሬ ነበር። ኤሌኖር ኮፖላም በፈረንጆቹ 1976 ፊሊፒንስ ውስጥ የባሏን፣ የአዘጋጁ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላን፣ ቀረፃ ስትከታተል እሱ ሳያውቅ የቀዳችው ወሬ ነበር፣ ያ ድምፅ ሰው ጆሮ የደረሰው በ1991 ዶክመንተሪው ሲወጣ ነው፣ እሱ ፈቅዶ። አስራ ምናምን አመት ማለት ነው። አንቺ ያን ያህል አትጠብቂ፣ ከመጀመሩ በፊት ተነጋገሩ፦ ማይኩን ሲፈልግ ማጥፋት ይችላል፣ በስልክ የተወራ ነገር ሳያዳምጠው አይወጣም።

ይሄ ወደ ወረቀቱ ይወስደኛል። በራሱ ገንዘብ ሚሰራ ሰው ወዳጅሽ ስለሚሆን ውል ማውራት ያሳፍራል፣ ግን አውሪ። ፉቴጁ (የቀረፅሽው ምስል) የማነው፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚቆረጥ ሚወስነው ማነው፣ እና ሁሉም ሚረሳት ደሞ፣ ፊልሙ መሃል ላይ ቢቆምስ? ቴሪ ጊሊያም ሚባለው አዘጋጅ በፈረንጆቹ 2000 ስፔን ውስጥ የጀመረው ፊልም በጎርፍና በዋናው ተዋናይ ህመም ገና ሳይራመድ ቆመ፣ የፊልሙን አሰራር ሊቀርፁ የሄዱት ሁለት ሰዎች ግን የያዙትን በ2002 ፊልም አድርገው አወጡት። ዋናው ፊልም እንደ አዲስ ተሰርቶ የወጣው በ2018 ነው፣ የነሱ ግን ቀድሞ ወጣ። ያንቺው እንደዛ ቢሆን መብት አለሽ ወይ? ሁለት መስመር ትበቃለች። አክተሮቹንና ሰራተኞቹንም በመጀመሪያው ቀን አስፈርሚያቸው፣ ሲበተኑ ማግኘት አይቻልም።

ስለ ሚሞሪ ቶሎ ልበል። ካሜራሽ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከቀረፀ በሰአት 45 ጊጋ ገደማ ነው። በቀን 4 ሰአት ብትቀርፂ በ18 ቀን 72 ሰአት፣ ወደ 3.2 ቴራ ይሆናል፣ ሙሉውን በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለት ኮፒ አድርጊውና ሁለቱን አንድ ቦርሳ ውስጥ አትያዢ። 72 ሰአት ማለት ደሞ በቀን 8 ሰአት ተቀምጠሽ ማየቱ ብቻ 9 ቀን ነው፣ ስለዚ ማታ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ዛሬ ምን ገረመኝ ብለሽ በስልክሽ አምስት ደቂቃ ድምፅሽን ቅጂ። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። ለምሳሌ ሁለተኛው አዘጋጅ እጁ ላይ ሁሌ እስክሪብቶ አለ፣ ሊያስደግም ሲል ክዳኑን ቀጭ አድርጎ ይዘጋል፣ ከወደደው ግን ኪሱ ይከተዋል። ረዳቱ ሳይጠየቅ ቀጭ ሲል ሰምቶ "ወደ ቦታ!" ይላል። ይሄን ያስተዋልኩት አስራ አንደኛው ቀን ላይ የራሴን ቅጂ ሳዳምጥ ነው፣ ሶስት ቀን ተከታትሎ "ያ እስክሪብቶ" እያልኩ ነበር። ከዛ በኋላ እጁን መቅረፅ ጀመርኩ፣ ዶክመንተሪው ሚከፈተውም በሷ ቀጭታ ነው።

አዘጋጁን ኢንተርቪው ምታደርጊውን ደሞ ሎኬሽን (መቅረጫ ቦታው) ላይ አታድርጊ፣ ደክሞታል፣ "ሁሉም ሰው ጎበዝ ነበር" ብሎ ይገላግልሻል። ወይ ወደ ቤት ሲሄድ መኪና ውስጥ፣ ወይ ደሞ ቀረፃው ካለቀ ከወር በኋላ ኤዲት ላይ ቁጭ ሲል ሂጂበት። እንደውም ከ18ቱ ቀን ይልቅ እኔ ምጓጓው ለኤዲቱ ነው። እዛ ጋ ነው የራሱን ስህተት ስክሪን ላይ እያየ ሚያወራው፣ ጥያቄ እንኳን አያስፈልግሽም፣ ካሜራሽን ጥግ ላይ አቁመሽ ዝም በይ።

ቀረፃው መቼ ነው ሚጀምረው? አዘጋጁ ገና ስክሪፕቱን እያስተካከለ ከሆነ አሁኑኑ ሁለት ቀን ሂጂ፣ ያለ ካሜራ አንዱን፣ በካሜራ አንዱን። የሳውንድ ማኑን ስልክ ደሞ ዛሬ ተቀበዪ።