ርካሽ ባለ ባልጩት ጠመንጃ ልትገዛ ላሰብከው ወንድሜ

ጥያቄህን አነበብኩት። ፔንሲልቬንያ ነው የምትኖረው። ከፈረንጅ ገና ማግስት ጀምሮ በባለ ባልጩት ጠመንጃ የሚታደነውን የአጋዘን አደን መሞከር ፈልገሃል። ኢንተርኔት ላይ ያየኸው ህንድ ሠራሽ ከጣልያኑ በግማሽ ዋጋ ነው። «ልዩነቱ የስም ብቻ ነው ወይ?» ብለሃል። (ዕድሜህን ሳላውቅ አንተ ማለቴ ቅር እንዳይልህ።)

የስም ብቻ አይደለም። እኔ ያንኑ ገዝቼ እግሬን ላጣ ነበር።

1ኛ. ቤትህ ድረስ በፖስታ ስለመጣ መጫወቻ አይምሰልህ። በ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለው በአፈሙዝ የሚጎርስ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንት ዕቃ ነው የሚቆጠረው። እንደ ዘመናዊው ጠመንጃ ፈቃድ ባለው ሻጭ በኩል ማለፍ አያስፈልገውም። የስቴትህን ሕግ ግን ለብቻው እይ። እኔን ያታለለኝ እንዲህ በቀላሉ በፖስታ መምጣቱ ነው። ደግሞ ኩራትም ነበረብኝ። አባቴ ምንሽር ነበረው፣ በልጅነቴ እየፈታሁ ወልውዬዋለሁ። ጠመንጃ የማላውቅ አልመሰለኝም። የምንሽር ጥይት ግን ባሩዱ ፋብሪካ ውስጥ ተለክቶ ነው የሚመጣው። እዚህ ሰፋሪውም ጠቅጣቂውም አንተ ነህ።

2ኛ. የእሳት ቀዳዳውን እይ። ባልጩቱ ብረቱን ሲመታ የሚነሳው እሳት ውጭ ያለውን ትንሽ ባሩድ ያቀጣጥላል፣ ከዚያ በጎን ባለች ቀጭን ቀዳዳ ገብቶ ውስጥ ያለውን ያነሳል። ህንድ ሠራሾቹ ብዙ ጊዜ ይቺ ቀዳዳ ሳትበሳ ነው የሚመጡት። የማይተኩስ ጌጥ ተብለው ነው የሚሸጡት። ይሄ ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። ማን ያነባል?

ካርቶኑን ስከፍት ቀዳዳ የለም። ምን ችግር አለው ብዬ ጋራዥ ገብቼ በድሪል በሳሁት። ስፋቱንም ቦታውንም በግምት። ቪዲዮ ላይ አንዱ ሲያደርገው አይቻለሁ፣ በቃ።

ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ምላጭ ሳብኩ፣ ብልጭታ የለም። ባልጩቱ ብረቱን እንደ ሳሙና ፍቆት ጉድጓድ አበጅቶበታል። በኋላ እንደተማርኩት ያ ብረት በእሳት ካልጠነከረ ብልጭታ አይሰጥም። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ጠርዙን በሞረድ ንካው። ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንክሯል፣ ከነከሰ ለስላሳ ነው። ለማንኛውም ባልጩቱን አስተካክዬ ደገምኩ። አራተኛው ላይ ውጭ ያለው ባሩድ ቦግ አለ። ከዚያ ዝም። «ከሸፈ» ብዬ አፈሙዙን ወደ መሬት ዝቅ ሳደርገው ድው! አረሩ ከጫማዬ ሁለት እርምጃ ርቆ ጠጠሩን በተነው።

ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለህ። ማንም አልነገረኝም ልል ነበር፤ ግን አልጠየቅኩም። የሜዳው ኃላፊ ሰው ሁሉ እያየ አባረረኝ። እውነቱን ነው፣ ግን አነጋገሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቤት ገብቼ ስፈታው ቱቦው ከኋላ በሚደፈንበት ቦታ ላይ ጥቁር የጥቀርሻ መስመር አለ። እንጨቱም ውስጡ ቡናማ ሆኖ ተጠብሷል። እሳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊቴ በኩል ይሾልክ ነበር ማለት ነው። ጠመንጃ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሽማግሌው የኋላውን መድፈኛ ብሎን ሲፈታው የያዘው በሦስት ጥርስ ብቻ ነው። የእኔ ቀዳዳ ደግሞ በጥርሶቹ ውስጥ አልፏል። «ማን በሳው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። «እንግዲህ አምራቹ አንተ ነህ» ብሎ መለሰልኝ። ለምርመራው 80 ዶላር ተቀበለኝ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አስደምጠውኝ አንዷ መጣችና «ጌታዬ፣ እኛ የሸጥንልዎት የግድግዳ ጌጥ ነው» አለችኝ። ሌላ ነገር ልናገር ስል ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ገንዘቤም በዚያው ቀረ።

3ኛ ብዬ ስለ ፍተሻ ማህተም ልጽፍልህ ነበር፣ እሱን እንኳ ልጨርስ። ጣልያን ውስጥ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ከልክ በላይ ባሩድ ጎርሶ ይተኮሳል። ከተረፈ ማህተም ይመታበታል። ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የሚባለው ከተማ ያለው መፈተሻ በጥቁር ባሩድ ለተፈተነው «ፒኤን» (PN) የሚሉ ሁለት ፊደላት ይመታል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ አስገዳጅ የመንግሥት ፍተሻ የለም። የእኔው ላይ ከቁጥሩ በቀር ምንም አልነበረም። ህንድ ሠራሹን ራሳቸው በስተው፣ ተኩሰው ፈትነው የሚሸጡም አሉ፤ ሁሉንም አንድ ላይ አልጨፈልቅም። ግን ፈተናውን በጽሑፍ ይስጡህ።

ሌላው ደግሞ ጠመንጃው ጥሩ ቢሆንም የሚገድል ነው። ዘመናዊ ጭስ አልባ ባሩድ በጭራሽ አታስገባ፣ ቆንጥረህም ቢሆን፤ ቱቦው ይፈነዳል። አረሩ ባሩዱ ላይ እስኪቀመጥ ጠቅጥቀው፣ መሀል ላይ ከቀረ ቱቦው ያብጣል ወይም ይቀደዳል። የመጠቅጠቂያ ዘንግህ ላይ ባዶ ሲሆንና ሲጎርስ የሚደርስበትን ምልክት አድርግ። አሮጌ ከገዛህም መጀመሪያ ዘንጉን ስደድበት። ጎርሶ የቀረ ጠመንጃ ስንቱ ቤት ተሰቅሎ አለ።

እኔ በኋላ ያገለገለ ጣልያን ሠራሽ ገዛሁ። ለሁለቱ ያወጣሁትን ስደምረው አዲሱን ይገዛልኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ አጋዘን ጣልኩ፣ በአንድ ተኩስ! ጾም ስለነበር ሥጋው እስከ እኛ ገና ፍሪዘር ውስጥ ቆየ። ባለቤቴ «ተባርኮ ያልታረደ» ብላ እስከ ዛሬ አልቀመሰችውም።

ከመክፈልህ በፊት ሻጩን የቱቦውን የኋላ ክፍል ከግራም ከቀኝም ፎቶ አስልከውና እዚህ ለጥፈው። ማህተም ካለው አብረን እናየዋለን።