በረንዳውን አትዝጉት

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አንድ በጎ አድራጊ የቆየ ቤት ለማኅበራችን ሰጡን። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ወገኖቻችን ቀን ቀን የሚውሉበት ልናደርገው ነው። ኮሚቴው በረንዳው በብሎኬት ተዘግቶ መመዝገቢያ ይሁን፣ መስኮቶቹም ፍርግርግ ይግባላቸው ይላል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እባካችሁ በረንዳውን አትንኩት። በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ስሠራ አንድ ወጣት እናቱ ክንዱን ይዛ እየለመነችው የመመዝገቢያውን መስኮት ሲያይ ተመለሰ። ሌላ ቀን ሲመጣ ዘበኛው ዛፍ ሥር ወንበር ሰጠው፤ ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ ራሱ ገብቶ ስሙን አስመዘገበ። የእናንተም በረንዳ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። አግዳሚውን ግድግዳ አስጠግታችሁ በሩ በሚታይበት በኩል አድርጉት፤ የሚጠራጠር ሰው ከጀርባው ሰው እያለፈ አይረጋጋም። እንግዳ የሚቀበለውም አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችል ቢሆን እመርጣለሁ።

የድሬን የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ለእናንተ አልነግራችሁም። ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀቱን እንዳይቆጣጠር ያውካሉ። ክሎርፕሮማዚን ቆዳም በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። ሊቲየም የተባለውን ስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ውሃ ካነሰው መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ይችላል። እዚህ ከተማ ጥላና ውሃ የሕክምናው አካል ናቸው። የብሎኬቱን ገንዘብ ለጣሪያ ቬንትሌተርና ማንም ሳይጠይቅ ለሚቀዳው የመጠጥ ውሃ አውሉት። ቤቱ የባቡሩ ዘመን ከሆነ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳውም ወፍራም ይሆናል፤ ለማሳመር ብላችሁ ኮርኒሱን ዝቅ እንዳታደርጉት።

ፍርግርጉ ለሌባ ከሆነ የእንጨት መዝጊያዎቹን ጠግኑ፤ ማታ ይዘጋሉ፣ ቀን ይከፈታሉ። የሽንት ቤቱ በር ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ከውስጥ ይቆለፍ፣ በችግር ጊዜ ግን ሠራተኛ ከውጭ ሊከፍተው ይቻል። አንዲት ትንሽ ክፍል ደግሞ ለደከመው ማረፊያ ተዉ። መቅጫ እንዳትሆን ቁልፍ አይኑራት።

ስለ ሰዓቱ አልጠየቃችሁኝም፤ እኔ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ከምሳ በኋላ አትዝጉ። ከተማው ጫት ላይ ሲቀመጥ፣ ጫት ሕመሙን የሚያባብስበት ሰው ቤቱም ሰፈሩም መቃሚያ ሆኖበት መሄጃ ያጣል። ሠራተኛ ካነሰባችሁ ጠዋት አርፍዳችሁ ክፈቱ፤ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ግን በሩ ክፍት ይሁን፣ ቡናም ይፈላ።