ሮቦቷ ስታምጥ፦ ስለ ማዋለድ ልምምድ ለጠየቃችሁኝ

ሥራዬ አዋላጆችንና የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞችን በሲሙሌተር፣ ማለትም እንደ ምጥ ላይ ያለች ሴት በምትሠራ የመለማመጃ አሻንጉሊት ወይም ሮቦት፣ ማሰልጠን ነው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ከብዙው የተደጋገሙትን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ እውነት ሮቦቷ ትወልዳለች?

መልስ፦ አዎ። ሆዷ ውስጥ ያለው ሞተር ሕፃኑን እያዞረ ወደ ታች ይገፋዋል። ትተነፍሳለች፣ የልብ ትርታዋ ይዳሰሳል፣ ትደማለች። አሰልጣኙ የደም ግፊቷን በታብሌት ያወርደዋል። እንግዴ ልጁ እንኳ ቁራጭ ማህፀን ውስጥ አስቀርቶ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ሰልጣኙ ገልብጦ ካላየው አለቀለት።

ጥያቄ፦ የዘመኑ ፈጠራ ነው አይደል?

መልስ፦ ሞተሩ አዎ፣ ሐሳቡ ግን አይደለም። ፈረንሳዊቷ አዋላጅ ማዳም ዱ ኩድሬ ከጨርቅና ከቆዳ በተሠራ ዳሌና ሕፃን ታስተምር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1759 ንጉሥ ሉዊ 15ኛ አገሩን እየዞረች እንድታስተምር አዘዟት። ከሥራዎቿ አንዱ ዛሬም ሩዋን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

ጥያቄ፦ ወሊድ በየቀኑ አለ። እዚያው መማር አይሻልም?

መልስ፦ ደህናው ወሊድ በየቀኑ አለ። የትከሻ መያዝ ግን ተራ ጠብቆ አይመጣም። ጭንቅላቱ ይወጣና መልሶ ወደ ውስጥ ሸርተት ይላል፤ የፊተኛው ትከሻ ከእናትየዋ የብልት አጥንት ጀርባ ተቀርቅሯል። ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። የደነገጠ ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ መሳብ ነው። ሲጎተት ደግሞ ከአንገት ወደ ክንድ የሚሄዱት ነርቮች ይጎዳሉ። መደረግ ያለበት ሰው መጥራት፣ የእናትየዋን ጭኖች ወደ ሆዷ ማጠፍ፣ ከብልት አጥንቱ ከፍ ብሎ መጫን ነው። የማህፀኑን አናት መግፋት አይደለም፤ እሱ ያባብሰዋል። እምቢ ካለ እጅ አስገብቶ የኋላኛውን ክንድ ማውጣት ነው። አንዳንዱ አሻንጉሊት የሚሳብበትን ኃይል የሚለካ ሴንሰር አለው። «ቀስ ብዬ ነው የሳብኩት» ያለው ሰልጣኝ ስክሪኑን ሲያይ ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ለውጥ ያመጣል ወይስ ጨዋታ ነው?

መልስ፦ በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ በተሠራና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በወጣ ጥናት፣ ትከሻቸው ተይዞ ከተወለዱ ሕፃናት ጉዳት የደረሰባቸው ከሥልጠናው በፊት 9.3 በመቶ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ 2.3 በመቶ ሆኑ። ግን አሻንጉሊት ገዝተው አላስቀመጡም። ሐኪሙም አዋላጁም አብረው በየዓመቱ ይለማመዱ ነበር። ሳጥኑ ሳይከፈት አቧራ የጠጣ ሮቦት ማንንም አያዋልድም።

ጥያቄ፦ ሮቦት የመግዛት አቅም የለንም። ይቅርብን?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ማማናታሊ የምትባል መለማመጃ አለች፤ አንዲት ሴት ሆዷ ላይ ትታጠቃታለች። ሴትዮዋ ሕፃኑን በእጇ ትገፋለች፤ ደሙም ከከረጢት ይፈስሳል። ለደም መፍሰስ ልምምድ እኔ ከሮቦት ይልቅ እሷን እመርጣለሁ። ሮቦትን ማንም አያጽናናም። የታጠቀችው ሴት ግን «ምን እየሆንኩ ነው?» ብላ ስታፈጥ መልስ መስጠት ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ጀማሪ አዋላጅ ነኝ። ሰው ፊት መሳሳት ያሳፍረኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ትልልቆቹ ሐኪሞች ይብሳሉ! ዋናው ትምህርት ያለው ከወሊዱ በኋላ ተቀምጠን ስንነጋገር ነው። እዚያ ላይ የሚያሸማቅቅ አሰልጣኝ ካለ ሮቦቱ ከነዋጋው ከሰረ። አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ደም እንዲቆም ማህፀንን የሚያኮማትረው መድኃኒት ተፈልጎ «እስቲ ኦክሲቶሲን ይምጣ» ሲባል ሁሉም ይተያያል፣ ማንም አያመጣም። ስም ጠርተሽ እዘዢ። የታዘዘውም «10 ዩኒት በጡንቻ ሰጥቻለሁ» ብሎ ይመልስልሽ።

ጥያቄ፦ ሮቦት የማያስተምረው ነገርስ?

መልስ፦ የገላን መለጠጥ። ጎማው ቅባት ካልተቀባ ሕፃኑ ንቅንቅ አይልም። ሌላው ደግሞ ሮቦት ባለችበት ሁሉ መዓት ስለሚጠበቅ ሰልጣኙ እጁ ይቸኩላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ምንም እክል የሌለበት ወሊድ አስገባለሁ። እጅን ሰብስቦ መጠበቅ እንዴት እንደሚከብዳቸው ብታዩ!

ጥያቄ፦ በየስንት ጊዜው እንለማመድ?

መልስ፦ ቢያንስ በዓመት አንዴ። ከተቻለ ግን ረጅሙን የሥልጠና ቀን ቆራርጡትና ማዋለጃ ክፍላችሁ ውስጥ፣ ከተረኞቹ ጋር፣ አጠር አጠር አድርጋችሁ ደጋግሙት። መድኃኒቱ የተቆለፈበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ የሚታወቀው ያኔ ነው።