ተራራው ነጭ ነው ብላችሁ አትተኙ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን የአንድ ወዳጄ ልጅ ከበረዶ ሸርተቴ ሲመለስ ፎቶ ላከልኝ። ወገቡ ድረስ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ይስቃል። ከሥሩ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ሰደድ እሳት የለም ማለት ነው አይደል?» ብሎ ጽፏል። ስልኩን ይዤ ቆየሁ። «አዎ» ብዬ ብመልስለት ደስ ይለው ነበር። ግን ይህችኑ «አዎ» አንድ ጊዜ ብዬ አፍሬባታለሁ። ለእሱ በአጭሩ መመለስ ቢያቅተኝ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ጡረታ እስክወጣ ሠላሳ ዓመት ያህል በረዶ ስለካ ኖሬያለሁ። ስቀልድ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሥራ አለ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ስለሆነ ውርጭ ብርቄ አይደለም። በረዶ ስንል ግን የምናውቀው ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ እህል የሚያረግፈውን ነበር። እዚህ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም፣ ያንን የሐምሌውንም በአንድ ቃል በረዶ እንላለን። አመዳይ የሚል ቃል አለን፤ እኔ ከቄስ አፍ በቀር የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። እናቴ በስልክ «ምኑን ነው የምትለካው? ይቀልጥ የለም እንዴ?» ትለኝ ነበር። ነገሩ እኮ እሱ ነው። የምንለካው ስለሚቀልጥ ነው።

የአሜሪካ ምዕራብ ውሃውን የሚያስቀምጠው ተራራ ላይ ነው። በዊንተር ይጥላል፣ ይከመራል፣ በስፕሪንግ እየቀለጠ ይወርዳል። (ዊንተሩን ክረምት ልለው ነበር፤ ግን ክረምት ለእኔ አሁንም ጭቃና ጎርፍ ነው።) ስለዚህ ማርች ሲያልቅ ገበሬውም፣ የከተማው የውሃ ክፍልም፣ በረዶው ሲቆይ ጫካው ቶሎ ስለማይደርቅ የእሳት አደጋ ሰዉም ዓይኑን ተራራው ላይ ይተክላል። ኤፕሪል 1 ለእኛ የማትሪክ ውጤት እንደሚወጣበት ቀን ነበር።

አለካኩን ያስተማረን የላቲን መምህር ነው። ጄምስ ቸርች ይባላል፤ ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ማውንት ሮዝ የሚባለው ተራራ ላይ እየወጣ፣ ቱቦ በረዶው ውስጥ ሰክቶ፣ ከነበረዶው አውጥቶ መዘነው። ጥልቀቱ ብቻ አልበቃውም፤ ክብደቱን ፈለገ። ብልሃቱ ይሄው ነው። አዲስ የጣለ በረዶ አሥር ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ሲቀልጥ የሚሰጠው ውሃ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ነው። እንደ ኮሎራዶ ባለ ደረቅ አገር ከዚያም ያንሳል። ስፕሪንግ ላይ የተጠቀጠቀው ግን ከአሥሩ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ይሰጣል። ወገብ የሚደርስ በረዶ ስታዩ ብዙ ውሃ ያያችሁ ይመስላችኋል። ምናልባት ያያችሁት ብዙ አየር ነው።

ቱቦው ሲወጣ ጫፉ ላይ ትንሽ አፈር ወይም የሣር ቁራጭ መኖር አለበት። መሬት መድረሳችሁን የሚመሰክረው እሱ ነው። ከሌለ፣ እጃችሁ ደንዝዞም ቢሆን ደግማችሁ ትሰካላችሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ቀን ብርዱ ባሰብኝና ቱቦው አፈር ሳይዝ ቁጥሩን መዝግቤ ወረድኩ። አብሮኝ የነበረው ሽማግሌ መኪናው ጋ ስንደርስ ወረቀቱን አየ። «አፈሩስ?» አለኝ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለና የበረዶ ጫማውን መልሶ ማሰር ጀመረ። ሁለት ሰዓት ሽቅብ ተመለስን። ተቆጥቶኝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር።

ዛሬ አብዛኛውን የሚለካው መሣሪያ ነው። ስኖቴል ይሉታል። መሬት ላይ የተነጠፈ ትልቅ ትራስ አስቡ፤ ውስጡ በብርድ የማይረጋ ፈሳሽ አለ፤ በረዶው ሲጫነው ክብደቱን ይናገራል። በምዕራቡ አገር ከ900 በላይ ጣቢያ አለ። ድሮ፣ ስልክ በማይደርስበት ሸለቆ፣ መረጃው የሚላከው እንዴት እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑኝም። ተወርዋሪ ኮከብ ሰማይ ላይ ጥሎት በሚያልፈው ዱካ ላይ የሬዲዮ ሞገዱን እያነጠሩ ነበር። ለዓይን የማይታዩ ደቃቆች ቀንም ሌሊትም ይወድቃሉ። ዱካቸው ከመጥፋቱ በፊት ባለችው ቅጽበት መልእክቷ ሾልካ ትደርሳለች። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

እንግዲህ ወደ ኀፍረቴ። 2020 ነው። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ የኮሎራዶ በረዶ በአጠቃላይ ጥሩ ነበር፤ እንዲያውም ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ያለ። ኮቪድ ቤት ዘግቶብን ስለነበር ከማኅበር ሰዎች ጋር የምንገናኘው ዙም በሚባለው የኢንተርኔት ቪዲዮ ነበር። አንዱ ስለ እሳት ጠየቀ። «ዘንድሮስ ተራራው ሞልቷል፤ በዚህ እንኳ አትጨነቁ» አልኩ። ባለሙያ ነኛ! ሁሉም አመነኝ።

ከዚያ ስፕሪንጉ ሞቀ፣ ደረቀ። በረዶው ቶሎ ሄደ። ጁላይና ኦገስት ላይ የሚጠበቀው ዝናብ ቀረ። ኦገስት 13 ካሜሮን ፒክ የተባለው ሰደድ እሳት ተነሣ። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ዴንቨር 38 ዲግሪ ደርሶ፣ በቀናት ውስጥ በረዶ ጣለ። እሳቱም ላይ ጣለ! እፎይ አልን። እሳቱ ግን ከሥር አልሞተም ነበር። በረዶው ሲቀልጥና ነፋስ ሲነሣ እንደገና ጋለበ። ዲሴምበር ላይ ተቆጣጠርነው ሲባል 84,000 ሄክታር በልቷል፤ አዲስ አበባን አንድ ተኩል ጊዜ ማለት ነው። በኮሎራዶ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ነው። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ኢስት ትራብልሰም የተባለው ተከተለና የአህጉሩን ውሃ ለሁለት የሚከፍለውን ሸንተረር ተሻገረ። እዚያ ላይ ዛፍ የለም፤ ድንጋይ ነው። ፍሙ በነፋስ ተሸክሞ ሄደ። አመድ መኪናዬ ላይ ሲያርፍ አንዱ የማኅበር ወንድሜ ደወለ። «ሞልቷል ብለኸን አልነበር?» አለኝ። በቀልድ ነው። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ቁጥሩ አልተሳሳተም ነበር። እኔ ነኝ ቁጥሩ ያላለውን የተናገርኩት። የኤፕሪልን በረዶ አይቶ ስለ ኦገስት መናገር፣ በደሞዝ ቀን ኪስን ዳብሶ ወሩን እንደማወጅ ነው። መቼ ይቀልጣል? በሳምንት ነው በሁለት ወር? ከበረሃ የተነሣ አቧራ ካረፈበት ይጠቁራል፤ ጥቁር ነገር ፀሐይ ይስባል፤ በሳምንታት ቀድሞ ያልቃል። ጫካውም ያንኑ ያህል ቀድሞ ይደርቃል። ደግሞ አፈሩ አለ። በ2021 የላይኛው ኮሎራዶ ወንዝ ተራሮች በረዶ ከመደበኛው ብዙ አላነሰም ነበር። በስፕሪንግና በሰመር መጀመሪያ የወንዙ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ የሆነው ፓወል ሐይቅ የገባው ውሃ ግን ከተለመደው አንድ ሦስተኛ አልሞላም። አንዱ ምክንያት ባለፈው ዓመት፣ በ2020፣ የተጠማው አፈር ቀድሞ መጠጣቱ ነው።

የእሳት ሰዎች ደግሞ ተቀጣጣዩን በሰዓት ይከፍሉታል። ደረቅ ሣር «የአንድ ሰዓት» ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ካገኘ ጠዋት ረጥቦ ከሰዓት በኋላ ይነዳል። ወፍራም የወደቀ ግንድ «የሺህ ሰዓት» ነው፤ አርባ ቀን ገደማ። ተራራው ላይ የቆየ በረዶ እርጥብ አድርጎ የሚያቆየው ግንዱን ነው። ደጃችሁ ላይ ያለውን ሣር አያውቀውም። እንዲያውም እርጥብ ስፕሪንግ ሣሩን ያስረዝመውና ኋላ ማገዶ ያደርገዋል።

ይህን ዲሴምበር 30 ቀን 2021 በዓይናችን አየነው። ያን ዓመት ዴንቨር የመጀመሪያውን በረዶ ያየችው ዲሴምበር 10 ነው፤ እንዲህ ዘግይቶ አያውቅም። ስፕሪንጉ ዝናባም ስለነበር ሣሩ ረዝሟል፣ ከዚያ ለወራት ደርቋል። ተራራው ላይ በዚያው ሳምንት በረዶ ይጥል ነበር። ሜዳው ግን ባዶ። ነፋሱ በሰዓት ከ160 ኪሎሜትር አለፈ። ዴንቨር አቅራቢያ ባሉት ሱፐርየርና ሉዊቪል ከተሞች ላይ በአንድ ቀን ከ1,000 በላይ ቤት ተቃጠለ። ጫካ ውስጥ ያሉ ቤቶች አይምሰሏችሁ። እንደ እናንተ ሰፈር ያለ ሰፈር ነው፤ አስፋልት፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ ያለበት። ከቤት ቤት ያደረሰው የእንጨት አጥርም ጭምር ነው። በማግስቱ በረዶ ጣለ። አንድ ቀን ዘግይቶ።

ስለዚህ ከአሁኑ፣ ገና ብርድ ሳለ፣ ቤታችሁን ዙሩት። ግድግዳውን የተጠጋ ደረቅ ቅጠል፣ የተቆለለ እንጨት፣ ካርቶን አንሡ። ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚነድ ነገር አይኑር። አሸንዳውን ጥረጉ፤ በነፋስ የመጣች ፍም የምትፈልገው እንደዚያ ያለ ደረቅ ቅጠል ነው። የቤት ኢንሹራንስ ያላችሁ ወረቀቱን አንብቡት። ሉዊቪልና ሱፐርየር ላይ ኢንሹራንስ ኖሯቸው ቤታቸውን መልሶ ለመሥራት ገንዘቡ ያልበቃቸው ብዙ ናቸው።

ከሁሉ በላይ አደራ የምላችሁ ግን ወላጆቻችሁን ነው። የአካባቢው የአደጋ መልእክት ብዙ ቦታ ካልተመዘገቡ ስልክ ላይ አይመጣም። በእንግሊዝኛ የመጣውንም እናታችሁ ማስታወቂያ መስሏት ታጠፋዋለች። የእኔዋ ባለቤት ሁለቴ አጥፍታለች! ቁጭ ብላችሁ አስመዝግቧቸው፤ ድምፁን አሰሟቸው፤ «ይሄ ሲጮህ ለእኔ ደውይ» በሏቸው። ፓስፖርቱን፣ ግሪን ካርዱን፣ የዜግነት ወረቀቱን፣ መድኃኒቱን አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርጉ። ከአገር ቤት የመጣውን የድሮ ፎቶም ስካን አድርጉት። አያታችሁ ሁለተኛ ፎቶ አይነሡም።

ከእናንተ መሃል ይህን ሙያ የሚያስብ ካለ፣ ሒሳቡ ይለመዳል። የማይለመደው ሰው ሁሉ አፍ አፍህን እያየ «ታዲያ ምን ይሆናል?» ሲል «እስከዚህ አውቃለሁ፣ ከዚህ ወዲያ አላውቅም» ማለት ነው። እኔን ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቶብኝ፣ ያም ሆኖ በዙም ላይ ተረታሁ።

ለወዳጄ ልጅ ማታ መለስኩለት። «ፎቶው ያምራል። ጁን ላይ ጠይቀኝ። እስከዚያ የአባትህን አሸንዳ ጥረግለት» አልኩት። የሳቅ ምልክት ላከልኝ። ጠዋት የራሴን ልጠርግ መሰላል አቁሜ ወጣሁ። በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። ጎረቤቴ ቡናውን ይዞ በመስኮት እያየኝ ራሱን ነቀነቀ።